«ጨረር» ፈርተን ወደ ጀሪካን እንዳንሸሽ



ረመዷን በቀረበ ቁጥር የዘይት ወሬ ይበዛል። የዋጋው ነገር፣ የመጥፋቱ ነገር፣ የሸማቾች ሱቅ ወረፋው የታወቀ ነው። ከዚያ ጋር ግን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ሌላ ወሬ አለ። «ይህ ዘይት ጨረር አለው፣ ካንሰር ያመጣል፣ ለወዳጅ ዘመድ ሳታደርሱ እንዳትተኙ» ይላል። ማን መረመረው፣ የት ተመረመረ፣ ስንት ተገኘበት የሚለው የለበትም። እኛም ቆቦ ላይ ተቀምጠን እንቀበለዋለን፤ ለእናታችን ወይም ለአክስታችን እናነብላታለን። እሷ ደግሞ ለልጆቿ ብላ የታሸገውን ዘይት ትተወዋለች። በምትኩ «ያገር ቤት ነው፣ ምንም አልገባበትም» የተባለውን፣ ስምም ቀንም የሌለውን የጀሪካን ዘይት በሊትር አስለክታ ትገባለች።

ያሳሰበን ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። አቋማችንን ከመነሻው እንናገር፦ ዘይት ውስጥ የተፈጥሮ ጨረር ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም በየቀኑ ከምንመገበው ሁሉ ጨረር እጅግ ከሚያንስባቸው ምግቦች አንዱ ዘይት ነው። ዘይት ሰው ይጎዳል ከተባለም በሌላ በኩል ነው፤ ያም ጉዳት በብዛት የሚገኘው እየሸሸን በምንሄድበት በጀሪካኑ ውስጥ ነው።

ጨረር የሚያመነጭ ነገር ሁሉ ከፋብሪካ ወይም ከቦምብ የሚወጣ የሚመስለን ብዙ ነን። አላህ ምድርን ሲፈጥር አብረው የተፈጠሩ አሉ። ዩራኒየምና ቶሪየም በድንጋይና በአፈር ውስጥ በየቦታው ጥቂት ጥቂት አሉ፤ እየፈረሱ ሲሄዱ ራዲየምን፣ ራዶን የሚባለውን ጋዝ፣ ፖሎኒየምንና ሌሎችንም ይተካሉ። ሦስተኛው ፖታሲየም 40 ነው። ፖታሲየም ልባችን እንዲመታ፣ ጡንቻችን እንዲታዘዘን የግድ የሚያስፈልገን ማዕድን ነው፤ ከውስጡ 0.0117 በመቶው ጨረር የሚያወጣው ዓይነት ነው። ግማሹ ፈርሶ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ስለሚፈጅበት ከምድር አይጠፋም።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ውስጥ 140 ግራም ገደማ ፖታሲየም ይዟል። ስለዚህ ይህን ስታነቡ በእያንዳንዷ ሰከንድ ከ4,000 በላይ የፖታሲየም አተሞች በገላችሁ ውስጥ ጨረር እያወጡ ይፈርሳሉ። በሰከንድ አንድ አተም ሲፈርስ «አንድ ቤክሬል» ይባላል፤ ሳይንቲስቶች የሚቆጥሩት በዚህ ነው። መስጂድ ውስጥ ሰፍ ይዘን ትከሻ ለትከሻ ስንቆም እንኳ አንዳችን ለአንዳችን ጥቂት እንለግሳለን። ማንም በዚህ ታሞ አያውቅም። ፖታሲየም የበዛበት ምግብ ብንበላም ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፤ በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን ከልኩ ብዙም አያልፍም።

እንግዲህ እህሉን እንየው። የራያ ቆቦ ሜዳ ያበቀለው ማሽላ፣ እንደ ማንኛውም እህል፣ ከአፈሩ ፖታሲየም ይወስዳል። አንድ ኪሎ ማሽላ ውስጥ ከፖታሲየም ብቻ 100 ቤክሬል ገደማ አለ። ሰሊጥ ከዚህ ከፍ ይላል። አንድ ሙዝ ከ10 እስከ 15 ቤክሬል ይይዛል። የተጣራ ዘይት ጋ ስንደርስ ግን ፖታሲየሙ ባዶ ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ወጥ የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። ውሃና ዘይት አይዋደዱም። ፖታሲየምም ራዲየምም የውሃ ወገን ናቸው፤ በስብ ውስጥ አይሟሙም። ኑጉ ወይም ሰሊጡ ሲጨመቅ ዘይቱ ይወርዳል፣ እነሱ ከፋጉሎው ጋር ይቀራሉ። ፋብሪካ የሚያጣራው ዘይት ደግሞ ከዚያ በኋላ ሙጫው በውሃ ይወጣለታል፣ አሲዱ በኮስቲክ ሶዳ ይገደላል፣ ቀለሙ በሸክላ አፈር ተጣርቶ ይነጣል፣ ሽታው ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይበናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ የሚቀር ማዕድን ከስንት አንድ ነው። ፋጉሎውን የሚበላው በሬ ነው ጨረሩን የወሰደው ብንል ይቀለናል፤ በሬውም ምንም አልሆነ።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ እንዳልሆነ የሚያሳይ ትልቅ ማስረጃ ከቤላሩስ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ፣ ጣቢያው ያለው ዩክሬን ውስጥ ቢሆንም ሰፊ የቤላሩስ የእርሻ መሬት በሲዝየምና በስትሮንሺየም ተበከለ። ይህ የተፈጥሮ አይደለም፤ በሰው እጅ የመጣ፣ መጠኑም የሚያስፈራ ነው። ከብቶች የተበከለውን ሣር ግጠው ወተታቸውን የጠጡ ብዙ ሕፃናት በኋላ የእንቅርት እጢ ካንሰር ይዟቸዋል። ታዲያ እህል ለመዝራት በማይመቸው በዚያ መሬት ላይ ምን ይዘራ ሲባል ከተመረጡት ሰብሎች አንዱ የዘይት እህል ሆነ፤ የእኛ ጎመንዘር ዘመድ የሆነው። ብክለቱ ከገለባውና ከፋጉሎው ጋር ይቀራል፣ ዘይቱ ግን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከቼርኖቤል አፈር የበቀለ ፍሬ እንዲህ ያለ ዘይት ከሰጠ፣ ጨረር ወደ ዘይት ለመግባት ምን ያህል እንደሚቸገር አስቡት።

«በአንዳንድ አገር ግን በዘይት ውስጥ ራዲየም ተገኘ ብለው ጽፈዋል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። የተለያዩ አገሮች የፊዚክስ መምህራን ከገበያ ዘይት እየገዙ ይለካሉ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ግን አርዕስቱን ብቻ አንብቦ መሮጥ አይሆንም፣ ማባዛት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በዓመት 10 ሊትር ዘይት ይጨርሳል እንበል፤ በክብደት 9 ኪሎ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ቤክሬል ራዲየም 226 አለ ብለን፣ ሆን ብለን አብዝተን እንያዝ። በዓመት 9 ቤክሬል ዋጠ ማለት ነው። ይህ ወደ ጉዳት መለኪያው ወደ ሚሊሲቨርት ሲቀየር 0.0025 ይሆናል። የዓለም ሰው ከአፈር፣ ከሰማይ፣ ከአየርና ከምግብ በተፈጥሮ የሚደርሰው አማካይ መጠን በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። የዘይቱ ድርሻ ከሺህ አንድ ሆነ ማለት ነው። ለዑምራ ከአዲስ አበባ ጅዳ በአውሮፕላን ደርሶ የሚመለስ ሰው ከሰማይ የሚያገኘው ከዚህ ይበልጣል። ደሴ የሚኖር ዘመዳችንም ከፍታ ላይ ስላለ ብቻ ከእኛ ከቆላዎቹ የበለጠ የሰማይ ጨረር ያገኛል። ጨረር ፈርቶ ደሴን የለቀቀ ሰው ግን አልሰማንም።

ከእነዚህ ጥናቶች በአንዳንዶቹ የሚጠቀሰው «370 ቤክሬል በኪሎ» የሚባል ወሰንም ሰው ያሳስታል። እሱ መጀመሪያ የወጣው ለግንባታ ዕቃ ነው፤ ለጡብ፣ ለሲሚንቶ፣ ለድንጋይ። ግድግዳ የሚለካበትን ሜትር አምጥቶ ድስት መለካት ነው የሆነው።

ቪዲዮዎቹንም እናንሳ። አንድ ሰው ትንሽ መሣሪያ ይዞ ወደ ዘይት ጠርሙስ ሲያስጠጋ «ጢቅ ጢቅ» ሲል ያሳያል፤ ከሥር አስደንጋጭ ሙዚቃ አለ። መሣሪያው ጋይገር ይባላል። ጢቅታው ዘይቱ ሳይኖርም አለ፤ ከግድግዳው፣ ከወለሉ፣ ከሰማይ፣ ከራሱ ከያዘው ሰው የሚመጣ ነው። ቪዲዮው ጠርሙሱን አርቆ መልሶ የማያሳየን ለዚህ ነው። ዘይትን በእውነት የሚመረምር ሰው አንድ ሊትር ያህሉን በልዩ ዕቃ አሽጎ ሦስት አራት ሳምንት ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በወፍራም እርሳስ በታጠረ መሣሪያ ውስጥ ለሰዓታት ያስቆጥረዋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውጤትም «መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው በታች» የሚል ነው። የስልክ አፕሊኬሽን ይህን አይሠራም። «ኮንቴነሩ በጉምሩክ የራጅ ማሽን ስላለፈ ተበከለ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ራጅ የተነሣ እጅ ጨረር ይዞ እንደማይቀር ሁሉ ዘይቱም አይዝም። ፓልም ዘይት በደጋ ብርድ ሲረጋ «ፕላስቲክ ስላለበት ነው» የሚሉትም አሉ። ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ የስብ ዓይነት ስለሆነ ነው፤ ቆቦ ላይ የማይረጋው ሙቀታችን ስለማያስረጋው ብቻ ነው። ይህን ስብ ማብዛት ለልብና ለደም ሥር አይበጅም። እሱ የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚናገሩት ነው፤ ግን «ስብ ቀንሱ» የሚል መልእክት ማን ለሌላ ያስተላልፋል?

ጨረር በእውነት ያሳሰበው ወጣት ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሲጋራውን ያጥፋ። የትምባሆ ቅጠል ፖሎኒየም 210 እና እርሳስ 210 የሚባሉ የተፈጥሮ ጨረር አመንጪዎችን ይሰበስባል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የታወቀ ነው። ጭሱ ሲሳብ ሳንባ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ከውስጥ ሆነው ሥጋውን ይመቱታል። ሲጋራ በአንድ እጅ፣ በሌላው ስለ ዘይት ጨረር የሚያስጠነቅቅ መልእክት ማስተላለፍ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ሺሻውም ያው ትምባሆ ነው።

ምርመራ ይደረግልን ብለን እንጠይቅ ካልንም ውሃውን እናስቀድም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ሀብቱ ከምድር በታች ያለው ውሃ ነው፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር ውሃው ዘመናት በድንጋይ መካከል የቆየ ነው፣ ከድንጋዩም የሚያሟሟውን ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የጨረር መነሻ ልክ አውጥቷል፤ በሊትር 0.5 ቤክሬል ለአልፋ፣ 1 ቤክሬል ለቤታ። ሰው ዘይት በማንኪያ፣ ውሃ በሊትር ነው የሚወስደው። አንድ ጉድጓድ ሥራ ሲጀምር ስለ ጨዋማነቱና ስለ ፍሎራይዱ እንደሚጠየቀው ስለዚህም ቢጠየቅ ነውር የለበትም። ስለ ውሃው ክፉ ወሬ እያወራን አይደለም፤ ይህም ተቆርጦ ብቻውን እንዳይዞርብን አደራ። የምንለው፣ አንድ ምርመራ የሚያሠራ ገንዘብ ቢገኝ ከዘይቱ ይልቅ ጉድጓዱ ላይ ይዋል ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ጀምሮ የጨረር መከላከያ ሕግና መሥሪያ ቤት አላት፤ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ።

በ2001 ዓ.ም መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሰዎች እግር ማበጥ ጀመረ። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱም እግሩ ያብጥ ነበር፤ የሞቱም ነበሩ። መጀመሪያ ብዙ ተወራ። ሲጣራ ግን ጣት የተቀሰረው ወደ ምግብ ዘይት ሆነ፤ አርጌሞን የሚባል አረም ፍሬ ከዘይት እህል ጋር ተደባልቆ ተጨምቆ ነበር። ሕንድ ይህን በሽታ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴልሂ ላይ በዚሁ አረም በተበከለ የሰናፍጭ ዘይት ሳቢያ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ ሌሎች ብዙዎች ሆስፒታል ገብተዋል። ለዴልሂም ለአዲስ አበባም ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነው ጨረር አልነበረም። ሲበጠር ያልተለየ ጥቁር ፍሬ ነበር።

አረሙን የራያ ልጅ ያውቀዋል፤ ስሙን ባያውቀው መልኩን ያውቃል። ቅጠሉ እሾሃማ ነው፣ ነጣ ያለ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ሲቀነጠስ ቢጫ ወተት ይፈሰዋል፣ ከብት አይደፍረውም። በራያ ቆላ በየመንገዱ ዳር፣ በየወንዙ አሸዋ፣ በየማሳው ጠርዝ ተስፋፍቷል። ፍሬው እንደ ሰናፍጭ ድቡልቡልና ጥቁር ስለሆነ ከዘይት እህል ጋር ከተቀላቀለ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። መርዙ ከጨረሩ በተቃራኒ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ወጥ በማፍላትም አይጠፋም። በአንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ እግሩ ካበጠ፣ ቆዳው ከቀላና ካቃጠለው፣ ትንፋሽ ካጠረው ዘይቱን ወዲያው አቁሞ፣ የተረፈውን ሳይደፉ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ለሐኪሙም የዘይቱን ነገር መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረው ከየት ያውቀዋል?

ስለዚህ የመጭመቂያ ባለቤት ለሆነ ወንድማችን የምንጠይቀው ጥያቄ «ዘይትህ ጨረር አለው ወይ?» የሚል አይደለም። እህሉን ከየት ገዛኸው? በምን አበጠርከው? በምን ዕቃ ታስቀምጠዋለህ? ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ በሚለማበት አካባቢያችን የተባይ መድኃኒት ዕቃ ታጥቦ ለሌላ ነገር ሲውል ይታያል፤ ያ ዕቃ ለምግብ ዘይት በፍጹም አይሆንም፣ በሳሙናም አይነጻም። በአስፋልት ዳር በጠራራ ፀሐይ የሚውል ቢጫ ጀሪካንም ዘይቱን ያሻግተዋል። ያገር ኑግ መልካም ዘይት ነው፤ አያቶቻችን የበሉት ነው፤ አንጠላውም። ግን «ያገር» መባሉ ብቻውን ንጹሕ አያደርገውም።

መጥበሻውንም ሳናነሳ አናልፍም። ኢፍጧር ሲቃረብ በየሰፈሩ ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ ለብዙ እህቶቻችን የወሩ ገቢያቸው ነው፣ አላህ ይባርክላቸው። ዘይቱ ግን ዛሬ ተጠብሶበት ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ እየተጨመረበት ሲቀጥል ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ገና ሳይግል ይጨሳል። በዚያን ጊዜ ዘይቱ ፈርሶ ወደ ሌላ ነገር ተቀይሯል። በብዙ አገሮች የተበላሸው ክፍል 25 በመቶ ገደማ ሲደርስ መደፋት እንዳለበት ሕግ አለ። እኛ ዘንድ የሚለካ መሣሪያ ባይኖርም ዓይንና አፍንጫ አለ። ጠባሿን ከመውቀስ በፊት ደግሞ ዋጋውን እናስብ፤ አንድ ሳምቡሳ በዚያ ዋጋ እየጠየቅናት በየቀኑ አዲስ ዘይት ክፈቺ ማለት ፍርድ አይደለም። ጥቂት ጨምረን ብንገዛት፣ እሷም ዘይቱን በየማታው አጥልላ ፍርፋሪውን ብታወጣ፣ ሲጠቁር ብትደፋው ይሻላል።

ስለ ምግብ ስንናገር «ሐላል» የሚለውን ቃል እንይዝና «ጦይብ» የሚለውን እንረሳለን። ዘይት እኮ አሳማ ስለሌለበት ብቻ አያልቅለትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ ከእህል ክምር እጃቸውን ሰድደው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት፣ ነጋዴው እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢ ባለማሳየቱ እንደ ወቀሱት የታወቀ ነው። የዘይት ነጋዴ ከሥር ያለውን ሊያሳይ ይገባዋል። ይህ ግን በእኛም ላይ ይዞራል፤ የአንድን ሰው ዕቃ ሳናረጋግጥ «ጨረር አለው» ብለን በሺህ ስልክ ከበተንን የሰውየውን ሪዝቅ ነካን። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ መባሉን ሁላችን ቀርተናል፤ ስልክ ስንይዝ ግን ጣታችን ከትዕዛዙ ይቀድማል።

የሚያጠራጥር ዘይት ካያችሁ፣ መለያ የሌለው፣ የአምራቹ ስምና የአገልግሎት ጊዜው ያልተጻፈበት፣ ወይም ተከፍቶ የታሸገ የሚመስል ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ይቀበላል። ፎቶውን አንሱት፤ የምርት መለያ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጉ። ሱቁንና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ከወረዳው የጤና ጽሕፈት ቤትም ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ካልመጣ ሁለተኛ ጠይቁ። «ጨረር አለው» የሚለው መልእክት እንደገና ሲደርሳችሁ ደግሞ ለላከው ሰው ሦስት ነገር ብቻ መልሳችሁ ጻፉለት፦ ማን ለካው? በምን ለካው? ስንት ቤክሬል ሆነ?

ወላሁ አዕለም።